አሥራ አራት ካራት

ፕሮቪደንስ፣ የካቲት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
ድሮ የብሮሽና የቁልፍ ፋብሪካ በነበረ ቤት፣
ከወለሉ ስንጥቅ ዛሬም የናስ ብናኝ የሚያይ
ሰው ቢኖር እኔ ነኝ፤ ስቱዲዮ ብዬ የተከራየሁት።

ሥራዬ ተመለሰ። ሠላሳ ሁለት ጥንድ ጉትቻ
ከየገዢው እጅ፣ በፖስታ፣ በሳጥን፣
ከነማስታወሻው፦ «ፎቶው ላይ ቢጫ፣
ጆሮዬ ላይ ቀላ፤ ገንዘቤን መልሱልኝ።»

አንጥረኛው ሃጎፕ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ
አንዷን ብድግ አደረገና ከፎቶው ጎን አኖራት።
አልተቆጣም። ዝም አለ። የሱ ዝምታ ይብሳል።
«ይቺ ሎሚ ናት» አለ በመጨረሻ፤
«እኔ ደግሞ ሎሚ አልሠራሁም።»

ዴልፊና ስክሪኑን ጎንበስ ብላ አየችው፤
ያስጨነቃት ሐብሉ አይደለም፣
አንገቷ ነው።
«እኔ አመዳም ነኝ እንዴ?» አለች፣ በሳቅ ሸፍና።
የኬፕ ቨርድ ልጅ ናት፤ ጠቆር ብሎ ከሥሩ የሚቀላ ቆዳ፣
ለብርሃን ሲይዙት እንደ ቴምር ፍሬ።
እኔ አመድ ነስንሼባት ስድስት መቶ ፎቶ አንስቻለሁ።

ማታ ብቻዬን ቀረሁና ብርሃኑን እንደ ሌባ አሳደድኩ።
ከላይ፣ የቤቱ ባለቤት የገጠመው ረጅም አምፖል፦ አረንጓዴ ይተፋል።
ከግራ፣ በመስኮት፣ በረዶ ያዘለ ሰማይ፦ ሰማያዊ።
ከቀኝ የራሴ ፍላሽ፦ አርጅቶ ወደ ቢጫ ያዘነብላል።
ሦስት ምስክር በአንዲት ቀለበት ላይ፣
ሦስቱም ምለው፣ ሦስቱም ለየቅል።
ካሜራው ምን ያድርግ? እንደ ደካማ ዳኛ መሐሉን ፈረደ።

አራተኛውን ምስክር ያገኘሁት ፎቶውን ሳጎላው ነው፦
የቀለበቷ ሆድ ላይ፣ ከሩዝ ፍሬ ያነሰች፣ ጎባጣ፣
ቀይ ሹራብ የለበሰች ሴት፣ ካሜራ ፊቷን የሸፈናት።
በየጉትቻው ጠብታ፣ በየሐብሉ ፈርጥ
ራሴን ሳትም ኖሬያለሁ።

የጣሪያውን አጠፋሁ፣
መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ዘጋሁ፣
አሮጌውን ፍላሽ በክብር ሸኘሁ፣
ጥቁር ሸሚዝ ገዛሁ፣
አዲሱን ብርሃን በስስ ነጭ ጨርቅ አጣራሁ።

አበዛሁት መሰለኝ። ወርቁ ቅቤ ሆነ፣
ዳር የሌለው፣ የቀለጠ።
ሃጎፕ ከጫማ ካርቶን ጣት የምታህል ቆረጠ፣ ጥቁር ቀባት፣
ከቀለበቷ ጎን አቆማት፤
ወርቁ ነቃ።
«ወርቅ ጥቁር ካላየ ወርቅነቱን አያውቅም» አለኝ፤
አያቱ ያሉት ይሁን እዚያው የፈጠረው አልጠየቅኩም።

ከዚያ ግራጫዋ ካርድ፣ ለማንም የማታደላ።
ዴልፊና አገጯ ሥር ይዛት እንደ እስረኛ ፎቶ ቆመች።
«ዳኛው ይኼ ነው?»
«ይኼ ነው።»
«ፊቱ ደስ አይልም።»
«ለዚያ ነው ዳኛ ያደረግነው።»

ቀድሞ ቆዳዋ መጣ፣ ከነሙቀቱ፤
ዝም ብላ አየችው፣ አልሳቀችም።
ከዚያ ወርቁ፦ ቀላ ያለ፣ መዳብ የቀመሰ፣
አሥራ አራት ካራት፣ አንድም የማይበልጥ።

ሻጩ ብሬናን ደወለ። «ትንሽ ቢጫ ጨምሪበት።
ሰው ቢጫ ነው የሚገዛው።»
ጣቴ የቀለሙ ማስተካከያ ላይ ቆመ።
ዋሽቼ አላውቅም አልልም፤ ስድስት መቶ ጊዜ ዋሽቻለሁ፣
ሳላውቅ፣ በቀይ ሹራብ።
ሳያውቁ በመዋሸትና አውቆ በመዋሸት መሐል ያለው መንገድ
አሁን የጥፍር ያህል ነው፣ ወደ ቀኝ።

ዴልፊና ካፖርቷን ደርባ፣ ጉትቻውን ማውለቅ ረስታ፣
«አውቶቡሴ!» ብላ በሩን ከፈተች።
ጠራኋት። ተመለሰች። ጆሮዋን ወደ ስክሪኑ አዘነበለች።
ያኛውና ይኸኛው፣ ጎን ለጎን፣
እንደ መንታ እህትማማች ተያዩ።

እንዳለ ላክሁት። ኪራይ የዛሬ ሳምንት ነው።
ቀይ ሹራቤን ከሚስማሩ አውርጄ ለበስኩ፤
ውጭ ብርድ ነው፣
ውጭ የሚያየኝ ወርቅ የለም።